«ቤቶች!» የሚለው ሣጥን

አዲሱ ሣጥን የመጣልን ቀን ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ኮሪደሩን ዞርኩት። ያየኝ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ግድም አልነበረኝም። የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሌሎች የሰለቹትን መሣሪያ በማከም ነው። እውነተኛ አዲስ ዕቃ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፣ የፋብሪካ ሽታው ያልጠፋ፣ እጄ ሲገባ ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

ጣቢያችን ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ አንዲት ገመድ ለማሾለክ ግማሽ ቀን መሰርሰር ያስፈልጋል። መስኮት ከተከፈተ አጠገባችን ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሥርጭቱ ውስጥ ይገባል፤ ቁራዎቹም ይከተሉታል። በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ እናሠራጫለን፤ ስቱዲዮው አንድ ስለሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንሻማ እንውላለን።

ሣጥኑ የመጣው የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያውን ለመተካት ነው። በአሮጌው ጊዜ፣ ሚሳይል ተተኩሷል የሚል ትእዛዝ ከላይ ሲደርሰን ስቱዲዮው ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራል፤ ተረኛው አቅራቢ ዘፈኑን ያቋርጥና ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያነባል። ሲያወሩት ቀላል ነው። አንድ ቀን አምፖሉ ሲበራ የአማርኛው አቅራቢ አፉን በፈላፈል ሞልቶ ነበር፤ ሕዝቡም ወደ መጠለያ እንዲገባ የታዘዘው በፈላፈል በታፈነ ድምፅ ነው፤ የሰሊጥ ማባያው፣ የጠሂናው፣ ጠብታ እስካሁን የድምፅ ማደባለቂያው ላይ ደርቆ አለ። ሌላ ጊዜ አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ኖሮ፣ ከተማው በሙሉ በሳይረን ሲጮህ እኛ ስለ ሽንኩርት አተካከል ስናስረዳ ነበር። አዲሱ ሣጥን ግን ማንንም አይለምንም። ከስቱዲዮውና ከማሠራጫው መካከል ይቀመጣል፤ ትእዛዙ ሲደርሰው የሚተላለፈውን ቆርጦ ቀድሞ የተቀዳውን መልእክት በየቋንቋው ያሰማል፤ አደጋው እስኪያልፍም እየደጋገመ ይናገራል። ለኔ ይህ ከተአምር አይተናነስም።

አለቃዬ ከሩሲያ የመጣ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሣጥኑን ሰካንና ወደ አየር ሳንለቀው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መልእክቶቹን ሰማን። ዕብራይስጡ ደኅና ነበር። ሩሲያኛውን አለቃዬ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ያነበበው ይመስላል አለ። አማርኛው ሲመጣ ግን እኔ መሬት ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። የቀዳው እዚሁ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ልጁ ምንም አልበደለም፤ ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሣ እንደ ጡብ ይደረድራቸዋል። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» ብሎ ይጀምርና መጠለያው ጋ እስኪደርስ ዕድሜ ያልቃል። አለቃዬ እንዴት ነው ቢለኝ፣ መጀመሪያ ለእናቴ ላሰማት አልኩት።

ነገሩ ሁሉ ለኔ የእናቴ ጉዳይ ነበር፤ ከአለቃዬም አልደበቅሁትም።

እናቴ ኔቬ ያዕቆብ በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። የሕንፃው መጠለያ፣ በአፋችን ሚክላት የምንለው፣ ከምድር በታች ነው። ጎረቤቶቿ አብዛኞቹ እንደኛው ከጎንደር ገጠር የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ሳይረን ሲጮህ አንዳንዱ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ተመልሶ መውጣቱን ፈርቶ ይቀመጣል። እናቴ ግን አትወርድምም፣ አትቀመጥምም። ትቆማለች።

ይህን የተማረችው መቫሰረት ጽዮን፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት ማዕከል ውስጥ ነው። ወደዚህ አገር ከገባን በኋላ መጀመሪያ የሰማነው ሳይረን የአደጋ ሳይሆን የመታሰቢያ ቀን ሳይረን ነበር። በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ቀጥ ይላል፤ መኪናው መንገድ መሃል ይቆማል፣ ሰው ከወንበሩ ይነሣል። አስተማሪያችን ደጋግማ አስጠንታናለች፤ ሲጮህ ተነሡ፣ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ፣ የሞቱትን አስቡ። እናቴ ደግሞ አንድ ነገር ከገባት ገባት ነው። ታናሽ ወንድሟ ወደ ሱዳን ስንጓዝ መንገድ ላይ ቀርቶብናል፤ ሄርዝል ተራራ ላይ በመንገድ ለቀሩት ወገኖቻችን በቆመው መታሰቢያ በየዓመቱ ሄዳ ታለቅሰዋለች። ስለዚህ ያ ጩኸት በሷ ጆሮ የወንድሟ ነው።

የመታሰቢያው ወጥ ሆኖ እንደሚጮህ፣ የአደጋው ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳምራ ታውቃለች። እኔ ራሴ ሳሎኗ መሃል ቆሜ በአፌ ሁለቱንም እየጮህኩ አስተምሬያታለሁ፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በር አንኳኩቷል።

«ጆሮዬ ያውቃል፤ እግሬ ነው የማያውቀው» ትለኛለች።

ሳይረኑ ሲጀምር ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። የምትቆመውም የቤት ስልኩ ካለበት ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ለመስታወቱ ቅርብ። ቆማ ስትጨርስ አደጋውም አልፏል። ሞባይል ስለምትጠላ ከጣቢያው የምደውልላት በዚያ ስልክ ነው፤ ገና ጥሪው ሳይጀምር አንሥታ፣ እዚሁ ነኝ ትለኛለች፣ በኩራት። በዚያ «እዚሁ ነኝ» ስንት ጊዜ ደሜ እንደፈላ፣ ስንት ጊዜ ስልኩን ዘግቼ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ሰው በአፉ ሲጠራት አትቀርም። ለልቅሶ ይሁን ለሠርግ፣ ዕቃ ለማንሣት ይሁን ለማስታረቅ፣ ተጠርታ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። ሣጥኑን ያን ያህል ያቀፍኩት ስለዚህ ነው፤ የሚጠራት አፍ ያለው መስሎኝ ነበር።

የልጁን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ወሰድኩላት። ምስር እየለቀመች ሰማችው። ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ አለችኝ። የተከበሩት ነዋሪዎች ደግሞ እነማን ናቸው፣ ከየትኛው ሕንፃ ናቸው ብላ ጠየቀችና ምስሯን ቀጠለች።

በማግስቱ ለአለቃዬ ይህን ስነግረው ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሌላ ድምፅ ልቅዳ ብለውም እሺ አለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚኖሩ አንድ መሪጌታን ነው፤ በበራችን ሲያልፉ ሁልጊዜ ይመርቁናል፤ ድምፃቸውም የተመሰከረለት ነው። ማይክራፎኑ ፊት አስቀምጬ ጽሑፉን ሰጠኋቸው። አነበቡት ለማለት ይቸግረኛል፤ አዜሙት። በዕዝል ይሁን በአራራይ እንጃ፣ «መጠለያ» የምትለዋን ቃል ይዘው ወጡ፣ ወረዱ፣ ተመልሰው ደግሞ ወጡ። አለቃዬ አንድም ሳይገባው ኮፍያውን አወለቀ። እጅግ ያምር ነበር፤ ችግሩ ይህን የሰማ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል እንጂ ደረጃ አይወርድም። እሳቸውም ገብቷቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ሰው ማስቆም ነው፤ ሰው የምታስሮጥ ፈልጊ» አሉኝ።

ሰው የምታስሮጥማ አንድ ሴት አውቃለሁ። እናቴ ከላይኛው ፎቅ ሆና ስትጣራ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ይዞራል። የሚጠራት ድምፅ ስፈልግላት ጠሪዋ ራሷ ቤት ተቀምጣ ነበር። በማግስቱ የሰንበት ቀሚሷን አስለብሼ ከኔቬ ያዕቆብ በአውቶቡስ ይዣት መጣሁ። በር ላይ ከመሪጌታው ጋር ተገናኙ፤ ከጎንደር፣ ያውም ከአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ መሆናቸው ሲታወቅ ሰላምታው ማለቂያ አጣ። እኔ ለስቱዲዮው የተሰጠን ጊዜ እያለቀ ልቤ ሊወልቅ ደረሰ፤ እነሱ ገና የወንዙን ማዶ ሰው እየጠያየቁ ነው።

ገብታ ማይክራፎኑ ፊት ከተቀመጠች በኋላም ያው ሆነ። እንደምን ዋላችሁ ብላ ጀመረች። ልጆች ደኅና ናቸው ወይ፣ ያመመውስ ተሻለው ወይ፣ ጉልበታችሁን እንዴት አደረጋችሁ እያለች ትጠይቃለች፤ መልስ እንዲሰጧትም በየመሃሉ ትጠብቃለች። አለቃዬ ሰዓቱን አይቶ፣ በዕብራይስጥ፣ ሚሳይሉ ደርሶ ምሳውን በልቶ ተመልሷል አለኝ። ተረጎምኩላት፤ አልሳቀችም። ሰላም ሳይሉ ክፉ ነገር መንገር ነውር ነው፤ ሰው ደንግጦ ይሞታል አለች። ሳይነገረው ደግሞ በሚሳይል ይሞታል አልኳት። ተጨቃጨቅን፤ እኔ ከቤት እስከ ስቱዲዮ ሳቄን አፍኜ ነበርና በመጨረሻ ፈነዳሁ፤ እሷም ተከተለችኝ፤ ሁለታችንም እንባችንን ስንጠርግ አለቃዬ ምን እንደተባለ እየለመነ ይጠይቃል። ድንገት፣ ከሰው ደጅ ቆመሽ ስትጣሪ ምን ትያለሽ አልኳት። ዐይኗ በራ። አንገቷን ቀና አደረገችና ከሆዷ አወጣችው።

«ቤቶች! ተነሡ፣ ውረዱ። ልጆቹን ያዙ፣ አሮጊቶቹን ደግፉ። ቶሎ ውረዱ።»

ሰላምታውም ትእዛዙም በዚህ አለቀ። የድምፅ መለኪያው መብራት እስከ ቀዩ ዘለለ። አለቃዬን ዞር ብዬ ሳየው፣ አንድ ቃል ያልገባው ሰውዬ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ጋ ደርሷል።

የሚመለከታቸው ክፍሎች ሰምተው ፈቀዱ፤ እኔም ድምፅዋን በገዛ እጄ ሣጥኑ ውስጥ ጫንኩት። እሷ እስክጨርስ ቆማ ታየኝ ነበር። ይሄ ሲጮህ እናንተስ የት ትገባላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። እኛማ ሥራ ላይ ነን፣ ሣጥኑን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች።

የሙከራው ቀን ከጠዋት ጀምሮ በሬዲዮው ተነገረ፤ ሙከራ ነው፣ ነገር ግን እንደ እውነቱ ቁጠሩትና ውረዱ ተባለ። ሳይረን አይኖርም፤ ሣጥኑ ብቻ ነው የሚናገረው። አለቃዬን ጣቢያው ትቼ እኔ ኔቬ ያዕቆብ ሄድኩ። በዐይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። ከሚክላቱ በር ላይ፣ ከደረጃው ግርጌ ቆሜ፣ እንደ ሙሽራ ቤት አስተናጋጅ እንግዶቼን መጠበቅ ያዝኩ። ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰዓቱ ደረሰ። የሕንፃው ሬዲዮኖች ሁሉ ከየቤቱ በአንድ ጊዜ «ቤቶች!» አሉ። የእናቴ ድምፅ በደረጃው ቀዳዳ ቁልቁል ሲንቆረቆር ገላዬን ውርር አደረገኝ። ወዲያው በሮቹ ተከፈቱ፤ አንድም ሳይቀር። ከታች ቀና ብዬ የሚታየኝ በደረጃው ብረት መሃል የሚያልፈው እግር ብቻ ነው። ጫማ አየሁ፣ ነጠላ ጫማ አየሁ፣ ከዘራ አየሁ። ሁሉም ወደ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ዐይኔን አላመንኩም። ከዚያ ሽቅብ ሮጥኩ። የእናቴ ሳሎን ጢም ብሏል። «ቤቶች!» ሲባል እንደ ልማዳቸው በር ከፍተው ደጅ ላይ ፈለጓት፤ ስትጠፋባቸው ጊዜ ምን አግኝቷት ይሆን ብለው ቤቷ ድረስ መጡላት። ባዶ እጅ አይገባም ተብሎ አንዷ ዳቦ ይዛለች፣ አንዷ ብርቱካን በፌስታል። አንዱ ሽማግሌ የግራና የቀኝ እግሩ ጫማ የተለያየ ነው፤ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ሚክላት ወርዶ የማያውቅ ሰውዬ፣ እያለከለከ ሕንፃውን በሙሉ ወጥቶታል። እናቴ መሃል ላይ ሆና ፊቷ ፈክቶ ወንበር ታቀርባለች፤ ሬዲዮኗ ከመደርደሪያው ላይ አሁንም ውረዱ፣ ቶሎ ውረዱ ይላል፣ የሚሰማው ግን የለም።

የበሩን መቃን ይዤ ሳቅሁ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እነሱም በኔ ሳቁ። ከዚያ ነው ሳላስበው፣ ሳቄ ሳይቆም፣ ንዴቱ የመጣብኝ። እውነተኛው ቢሆን ኖሮ ከጣሪያ ሥር፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሚሳይሉ ሁላችሁንም ባንዴ ያገኛችሁ ነበር አልኳቸው። ይህን ሣጥን የለፋሁበት ለዚህ አይደለም፤ ነገ ድምፁን አውጥቼ የልጁን እመልሳለሁ አልኩ። ጫማው የተለያየው ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«የጠራችን እሷ ናት፤ እሷ እላይ ተቀምጣ እኛ ወዴት እንውረድ?» አለኝ።

እናቴ የያዘችውን ወንበር መሬት አስቀመጠችና ሬዲዮውን ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችው፤ እኔ እንጃ፣ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ይመስለኛል።

«እውነቱን ነው» አለች። «ውረዱ እያልኩ እላይ ከተቀመጥኩማ ዋሽቻለሁ።»

የሚክላቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ጠየቀች። ዳቦውን ይዛ ቀደመች፣ እኛ ተከተልናት፤ አሮጊቶቹን ደግፈን፣ በየፎቁ እያረፍን፣ እንደ ሠርግ አጃቢ እየተንጫጫን ወረድን። ሚክላቱ በአሮጌ ብስክሌትና በተሰበረ ማቀዝቀዣ ተሞልቷል። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። በቀጣዮቹ ቀናት ስደውል እየጠረግን ነው፣ እያስወጣን ነው፣ ምንጣፍ አምጥተናል እያለች ትነግረኝ ጀመር። ለራሷ ወንበር አወረደች፤ ሲጮህ ነጠላ ፍለጋ ጊዜ እንዳታባክን ብላ አንድ ትርፍ ነጠላ ከቤቷ በር አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለች። ድምፁን አላወጣሁትም። ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። በሙከራው ቀን ሳይረን አልነበረም፤ ሳይረኑ ሲጮህ ያ የማያውቅ እግሯ ምን እንደሚያደርግ ማናችንም አልሞከርነውም።

እውነተኛው የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ የአማርኛው ፕሮግራም የሠርግ ዘፈን እያሰማ ሳለ ነው። ሳይረኑ ከውጭ ጮኸ፤ የሣጥኑ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞረ፤ ዘፈኑ ከመሃሉ ተቆረጠ። አለቃዬና አቅራቢው ወደ ምድር ቤቱ መጠለያ ሮጡ። እኔ ሣጥኑ ፊት ቀረሁ። ዕብራይስጡ አለፈ፣ ሩሲያኛው አለፈ፣ ከዚያ «ቤቶች!» አለች እናቴ፤ አገር ምድሩን ሁሉ። አንዲት ቃል አልተሰናከለችም። በደስታ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁትና ስልኬን አንሥቼ ደወልኩላት።

ጠራ። እንደ ወትሮው ወዲያው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። እንደገና ጠራ። ስልኩ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ቆማ ቢሆን እጇን ብትዘረጋ ታገኘዋለች። ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ፣ ማንም አላነሣም። በሕይወቴ ሙሉ ስልክ ባለመነሣቱ እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቱ ሥር ማንም የለም። እግሯ ዐወቀ። ብቻዬን ዘለልኩ፣ ሳቅሁ፣ እንባዬ ሣጥኑ ላይ ተንጠባጠበ፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

አለቃዬ ከታች ስሜን እየጠራ ይጮሃል። የሚያየው ሰው ያስፈልጋል ልለው አፌን ስከፍት መልእክቱ ዞሮ ተመለሰ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደገና ተጣራች፤ ተነሡ፣ ውረዱ አለች። እሷ ታች ናት፤ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሣጥኑን ለራሱ ትቼ፣ ስልኩ ባዶው ቤቷ ውስጥ እየጠራ፣ እየሳቅሁ ደረጃውን ወረድኩ።